ከኒውስግሩፕ ወደ ድረ ገጽ መድረክ፦ ፎቶግራፍ አስተካካዮች የጋራውን አደባባይ ለምን ለቀቁ?

ዛሬ ፎቶግራፍ በኮምፒዩተር ማስተካከል የሚማር ወጣት ችግር ሲገጥመው ፎቶግራፉን ከጥያቄው ጋር አያይዞ በአንድ የውይይት መድረክ ላይ ያቀርባል፤ ብዙም ሳይቆይ ከማያውቃቸው ሰዎች መልስ ያገኛል። ነገሩ ቀላልና ከጥንት ጀምሮ የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ የነበረው ሰው የሚሄደው ወደ ድረ ገጽ ሳይሆን ኒውስግሩፕ ወደሚባለው፣ ባለቤትም ሆነ አወያይ ወዳልነበረው የጽሑፍ አደባባይ ነበር። ፎቶግራፍ የማስተካከል አፍቃሪዎች ከዚያ አደባባይ ወጥተው ወደ ድረ ገጽ መድረኮች የተሻገሩት በአንድ ቀን ውሳኔ አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ዐሥር ዓመት ገደማ በፈጀ ዝግተኛ ፍልሰት ነው።

የዚህን ፍልሰት ምክንያት መመርመር ለሳይንስ ተማሪ ሁለት ጥቅም አለው። በመጀመሪያ፣ መረጃን ለብዙ ሰው የማዳረሻ ሁለት ፍጹም የተለያዩ ዘዴዎች እንዴት እንደሚሠሩ ያሳያል። ከዚህም በላይ፣ ብዙ ሰዎች ተባብረው ያከማቹት ዕውቀት በማን እጅ ቢቀመጥ ይበጃል የሚለውን፣ እስከ ዛሬ መቋጫ ያላገኘውን ጥያቄ ያነሣል። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱንም በቅደም ተከተል እንመለከታለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በተማሪዎች የተጀመረ መረብ

በ1979 በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ግዛት በሚገኘው በዱክ ዩኒቨርሲቲ ይማሩ የነበሩ ቶም ትረስኮት እና ጂም ኤሊስ የተባሉ ሁለት ተማሪዎች፣ በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው መልእክት የሚለዋወጡበትን ዘዴ አሰቡ። በአቅራቢያው በነበረው በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ይማር የነበረው ስቲቭ ቤሎቪን ደግሞ የመጀመሪያውን አጭር ፕሮግራም ጻፈ። በዚያን ጊዜ የኢንተርኔት እናት የሆነው መረብ ለጥቂት ተቋማት ብቻ የተፈቀደ ስለነበር፣ እነዚህ ኮምፒዩተሮች መልእክት የሚቀባበሉት በተራ የስልክ መስመር እየተደዋወሉ ነበር። በ1980 ለሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ክፍት የሆነው ይህ መረብ ዩዝኔት ተባለ።

በዩዝኔት ላይ የሚካሄደው ውይይት በርዕሰ ጉዳይ የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱ ክፍል ኒውስግሩፕ ይባላል። ቃሉ የዜና ቡድን ማለት ቢሆንም በተግባር የሚቀርብበት ዜና ሳይሆን ጥያቄ፣ መልስና ክርክር ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በተካሄደ ጠቅላላ የስያሜ ለውጥ ኒውስግሩፖቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ተደራጁ። «ኮምፕ» የተባለው ቅርንጫፍ ስለ ኮምፒዩተር፣ «ሳይ» ስለ ሳይንስ፣ «ሬክ» ደግሞ ስለ መዝናኛና ስለ ትርፍ ጊዜ ሥራዎች የሚወራባቸው ሆኑ። በእነዚህ ዋና ቅርንጫፎች ላይ አዲስ ኒውስግሩፕ ለመክፈት ድምፅ ይሰጥ ነበር፤ የደጋፊዎች ድምፅ ከተቃዋሚዎች ቢያንስ በ100 መብለጥና ከጠቅላላው ሁለት ሦስተኛ መድረስ ነበረበት። «አልት» በተባለው ቅርንጫፍ ግን ይህ ሥርዓት ስላልነበረ ማንኛውም ሰው የፈለገውን ርዕስ መክፈት ይችል ነበር።

ፎቶግራፍን በኮምፒዩተር ማስተካከል ለተራው ሰው የተዳረሰው ዩዝኔት ከተስፋፋ በኋላ ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል በ1987 የጀመረው ፕሮግራም ፎቶሾፕ በሚል ስም በ1990 ለገበያ ቀረበ። አንዱን ሥዕል በሌላው ላይ እንደ መስታወት እየደራረቡ ለመሥራት የሚያስችለው ሌየር የተባለው ዘዴ በ1994 በሦስተኛው እትም ሲጨመርበት፣ የተጠቃሚዎቹ ጥያቄም የዚያኑ ያህል በዛ። «ኮምፕ.ግራፊክስ.አፕስ.ፎቶሾፕ» እና «አልት.ግራፊክስ.ፎቶሾፕ» የተባሉት ኒውስግሩፖች የእነዚህ ጥያቄዎች መሰብሰቢያ ነበሩ። በነጻ የሚታደለው ጊምፕ የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራምም ለዓለም የተዋወቀው በዚሁ መረብ ነው። የበርክሊ ተማሪዎች ከነበሩት ሁለት አዘጋጆቹ አንዱ ፒተር ማቲስ፣ ኅዳር ወር 1995 ላይ በዩዝኔት ባወጣው ማስታወቂያ የፕሮግራሙን መወለድ አብሥሯል።

መልእክቱ እንዴት ይዛመታል?

የዩዝኔትን አሠራር ለመረዳት የሰፈር ወሬን ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው አንድ ነገር ሰምቶ ለሁለት ጎረቤቶቹ ቢነግር፣ እነዚያም ለየጎረቤቶቻቸው ቢያስተላልፉ፣ ወሬው አንድ ማዕከላዊ ተናጋሪ ሳያስፈልገው ሰፈሩን ያዳርሳል። ዩዝኔትም እንዲሁ ነው። ጸሐፊው መልእክቱን በአቅራቢያው ላለው ሰርቨር ይሰጣል፤ ሰርቨሩ ቅጂውን አስቀርቶ ለሚያውቃቸው ሰርቨሮች ያስተላልፋል፤ እነርሱም ለሌሎች።

እዚህ ላይ አንድ ችግር ይነሣል። ሁሉም ለሁሉም የሚናገር ከሆነ ተመሳሳይ መልእክት ማለቂያ በሌለው ዙር ሊመላለስ ይችላል። ይህን ለመከላከል እያንዳንዱ መልእክት በዓለም ላይ የማይደገም መለያ ይሰጠዋል። አንድ ሰርቨር ለጎረቤቱ «ይህ መለያ ያለው መልእክት አለኝ፤ ትፈልጋለህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጎረቤቱ ቀድሞ ከደረሰው አይቀበልም። በተጨማሪም መልእክቱ ያለፈባቸው ሰርቨሮች ስም ዝርዝር በላዩ ላይ ስለሚጻፍ ወደ መጣበት አይመለስም። ይህ አሠራር በ1986 ለኢንተርኔት በሚስማማ ደንብ ተጽፎ ወጥቷል።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛ፣ የመረቡ ማዕከል የሚባል ቦታ የለም፤ አንድ ሰርቨር ቢበላሽ ወይም ቢዘጋ መልእክቶቹ በሌሎቹ ላይ ይገኛሉ። ሁለተኛ፣ ጭነቱ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደሚባለው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ አንዴ የተላከን መልእክት መልሶ መሰብሰብ እጅግ ያስቸግራል። የስረዛ ትእዛዝ የሚባል መልእክት ቢኖርም የላኪው ማንነት ስለማይረጋገጥ፣ ማንም ሰው በሌላው ስም የሐሰት ስረዛ ሊልክ ይችል ነበር። ስለዚህ ብዙ ሰርቨሮች የስረዛ ትእዛዝን እንዳልሰሙ ያልፉት ጀመር። ይህ ሦስተኛው ጠባይ፣ ከፍ ብለን እንደምናየው የነጻነት ምልክት ቢሆንም፣ በኋላ ለኒውስግሩፖቹ መዳከም ትልቅ ምክንያት ሆኗል።

ባለቤት የሌለው አጥር

አወያይ የነበራቸው ጥቂት ኒውስግሩፖች ነበሩ። በእነዚህ ላይ መልእክቱ በቅድሚያ በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ለአወያዩ ይላካል፤ እርሱ ሲፈቅድ ይሠራጫል። አብዛኞቹ ግን የፎቶግራፍ አስተካካዮቹን ጨምሮ አወያይ አልነበራቸውም። ሥርዓት የሚጠበቀው በልማድ ብቻ ነበር። አዲስ መጪ ከመጻፉ በፊት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ እንዲያነብ ይመከራል፤ ተደጋግመው ለሚነሱ ጥያቄዎች የተዘጋጀ መልስ በየጊዜው ይወጣል፤ ደንቡን የጣሰ ሰው ተግሣጽ ይደርሰዋል።

ይህ ልማድ የሚጸናው አዲስ መጪዎቹ ከነባሮቹ እጅግ ሲያንሱ ነው። በየዓመቱ መስከረም ላይ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አዲስ ተማሪዎችን ሲቀበሉ ኒውስግሩፖቹ ለጥቂት ሳምንታት ይታወኩ፣ ከዚያም አዲሶቹ ልማዱን ሲለምዱ ይረጋጉ ነበር። ከ1993 ወዲህ ግን የንግድ የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪዎች ደንበኞቻቸውን ወደ ዩዝኔት ማስገባት ስለጀመሩ የአዲስ መጪው ጎርፍ መቋረጫ አጣ። ነባሮቹ ተሳታፊዎች ያን ዘመን «ማብቂያ የሌለው መስከረም» ብለው ሰይመውታል።

ሁለተኛው ፈተና ማስታወቂያ ነው። ሚያዝያ ወር 1994 ላይ በአሪዞና ግዛት የሚሠሩ ሁለት ጠበቆች፣ በአገራችን ዲቪ በሚል ስም የሚታወቀውን የአሜሪካ የመኖሪያ ፈቃድ ዕጣ ለማስሞላት ክፍያ የሚጠይቅ ማስታወቂያ ከ5,000 በሚበልጡ ኒውስግሩፖች ላይ በተኑ። ስለ ፎቶግራፍም ሆነ ስለ ፊዚክስ የሚወያይ ሰው ሁሉ ያንኑ ማስታወቂያ አነበበ። ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ድርጊት ቢኖር፣ ለንግድ የሚላክ ያልተፈለገ መልእክት በሰፊው የታወቀው ከዚህ ወዲህ ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚናቅም ሆነ የሚከበር ባለቤት ስላልነበረ አጥሩን የሚጠብቅ አልተገኘም።

ተሳታፊዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ስለ ይዘቱ ሳይጨነቁ በብዛቱ ብቻ ስፓምን የሚለዩበት ቀመር አወጡ። በአዘጋጁ በሴዝ ብራይድባርት ስም የሚጠራው ይህ መለኪያ እንዲህ ይሠራል። ለእያንዳንዱ የተላከ ቅጂ፣ ቅጂው በአንድ ጊዜ የተላከባቸው ኒውስግሩፖች ቁጥር ስኩዌር ሩት ይወሰዳል፤ ከዚያ ውጤቶቹ ይደመራሉ። አንድ ሰው አንዱን መልእክት በአንድ ጊዜ ለ25 ኒውስግሩፖች ቢያዳርስ ውጤቱ 5 ነው። ያንኑ መልእክት ለ25ቱ በተናጠል 25 ጊዜ ቢልክ ግን እያንዳንዱ 1 ስለሚሆን ድምሩ 25 ይደርሳል። ድምሩ በ45 ቀናት ውስጥ 20 ከደረሰ መልእክቱ ሊሰረዝ እንደሚገባው ይቆጠር ነበር። የቀመሩ ብልሃት ግልጽ ነው፤ ሐሳብን ሳይመዝን ድርጊትን ይመዝናል፤ ስለዚህ ማንም «አመለካከቴ ታፈነ» ሊል አይችልም።

ይሁን እንጂ ቀመሩ ብዛትን እንጂ ጥራትን ሊጠብቅ አልቻለም። ከርዕስ የወጣውን፣ ተሳዳቢውንና አንድ ኒውስግሩፕ ላይ ብቻ የሚያውከውን ሰው አይነካም። ለዚህ የቀረው መከላከያ እያንዳንዱ አንባቢ በራሱ ኮምፒዩተር ላይ የሚያዘጋጀው የማጣሪያ ዝርዝር ነበር። በዝርዝሩ ውስጥ የገባ ሰው ጽሑፍ ለዚያ አንባቢ አይታይም፤ ለሌሎቹ ግን ይታያል። በመሆኑም አሥር ነባር አባላት አዋኪውን ሲያጣሩ፣ ምንም የማያውቀው ጀማሪ ከአዋኪው ጋር ብቻውን ይቀራል። ባለሙያዎቹ እያሉም ቢሆን ቤቱ ለእንግዳ አይመችም ነበር።

ሥዕል የማይታይበት የሥዕል ውይይት

እስከ አሁን ያየነው ችግር የኒውስግሩፖች ሁሉ ነው። ፎቶግራፍ አስተካካዮች ግን ሌላ፣ የራሳቸው ብቻ የሆነ ችግር ነበረባቸው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በአምፖል ብርሃን በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ነጭ መሆን የሚገባው ነጠላ ቢጫ መስሏል እንበል። ዲጂታል ፎቶግራፍ ፒክስል ከሚባሉ ነጠብጣቦች የተሠራ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፒክስል የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠኑን የሚገልጹ ከ0 እስከ 255 የሚደርሱ ሦስት ቁጥሮች አሉት። ንጹሕ ነጭም ሆነ ግራጫ ከሆነ ሦስቱ ቁጥሮች እኩል ይሆናሉ። የነጠላው ፒክስል ቀይ 235፣ አረንጓዴ 215፣ ሰማያዊ 180 ቢያሳይ ሰማያዊው እጅግ እንዳነሰ እንረዳለን። አረንጓዴውን በ1.09፣ ሰማያዊውን በ1.31 ብናባዛ ሦስቱም ወደ 235 ይቀርባሉ፤ ነጠላውም ነጭ ይሆናል። ስሌቱ ግምታዊ ቢሆንም የነጭ ሚዛን የሚባለው ማስተካከያ መነሻ ሐሳብ ይኸው ነው።

ጠያቂው እነዚህን ቁጥሮች ለክቶ ቢጽፍ መልሱ ያለ ሥዕልም ይገኛል። ጀማሪው ግን የሚለካውን ስለማያውቅ «ፎቶዬ ቢጫ ሆነብኝ» ብቻ ይላል። ከዚያ መላሹ ምን ያህል ቢጫ፣ በየትኛው ክፍል፣ በምን ብርሃን እያለ መልሶ ይጠይቃል። ሥዕሉን ቢያየው በአንድ አፍታ የሚለየው ነገር የብዙ ቀን ምልልስ ይሆናል።

ታዲያ ሥዕሉን ለምን አይልኩትም ነበር? ዩዝኔት የተሠራው ለጽሑፍ ነው፤ ያውም እያንዳንዱ ሆሄ በ7 ቢት፣ ማለትም ከ128 ምልክቶች በአንዱ ለሚወከልበት ለላቲን ጽሑፍ። የእኛ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 በመሆኑ፣ በ1990ዎቹ በኢንተርኔት አማርኛ ለመጻፍ የፈለጉ ኢትዮጵያውያን ሴራ በመሳሰሉ ዘዴዎች ድምፁን በላቲን ሆሄያት ለመወከል የተገደዱት በዚሁ ገደብ ነው። ፎቶግራፍም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው፤ ወደ ጽሑፍ ካልተለወጠ አይተላለፍም።

ለውጡ የሚደረገው እንዲህ ነው። የፎቶግራፉ ሦስት ባይት 24 ቢት አለው። ይህ እያንዳንዳቸው 6 ቢት ባላቸው አራት ክፍሎች ይመደባል፤ 6 ቢት 64 የተለያዩ ዋጋዎች ሊኖሩት ስለሚችል እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ሊታተም በሚችል ምልክት ይወከላል። ስለዚህ ሦስት ባይት አራት ምልክት ይሆናል። 45 ባይት ወደ 60 ምልክቶች ይለወጣል፤ በየመስመሩ መነሻና መድረሻ የሚጨመሩ ሁለት ምልክቶች ሲታከሉበት 62 ይደርሳል። በዚህ ስሌት 300,000 ባይት የነበረ ፎቶግራፍ ወደ 413,000 ገደማ ያድጋል። በሰከንድ 28,800 ቢት በሚያስተላልፍ የስልክ ሞደም ፎቶግራፉ እንዳለ ቢላክ 83 ሰከንድ ይበቃው ነበር፤ ተለውጦ ሲላክ ግን 115 ሰከንድ ይፈጃል። ትልቅ ከሆነም በብዙ መልእክቶች ተከፋፍሎ ይላካል፤ ከመካከል አንዱ ከጠፋ ሥዕሉ አይሟላም።

ከዚህም ሌላ፣ እያንዳንዱ መልእክት በሺዎች በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ ስለሚቀዳ፣ በውይይት ኒውስግሩፖች ላይ ሥዕል መላክ እንደ ነውር ይታይ ነበር። ሥዕል የሚፈቀደው በ«አልት» ሥር በነበሩ የተለዩ ኒውስግሩፖች ብቻ ነው። ስለዚህ ጥያቄው በአንድ ቦታ፣ ሥዕሉ በሌላ ቦታ ይቀመጥ ነበር። የሥዕሉን መጠን ብዙ ሳይጨምር የሚያስተላልፍ የኢንክ የተባለ ዘዴ በ2001 ቢወጣም፣ ፎቶግራፍ አስተካካዮቹ ያን ጊዜ መልቀቅ ጀምረው ነበር።

የድረ ገጽ መድረክ ምን አመጣ?

በ1993 የወጣው ሞዛይክ የተባለው የድረ ገጽ ማሳያ ፕሮግራም ሥዕልን ከጽሑፍ ጋር በአንድ ገጽ አቀረበ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደግሞ በድረ ገጽ ላይ ውይይት የሚያካሂዱ ፕሮግራሞች ተራ በተራ ወጡ። በነጻ የሚታደለው ፒኤችፒቢቢ በ2000 ሲለቀቅ፣ መጠነኛ ችሎታ ያለው ማንኛውም ሰው የራሱን መድረክ መክፈት ቻለ።

የእነዚህ መድረኮች አሠራር ከዩዝኔት ፍጹም ተቃራኒ ነው። መልእክቱ በሺዎች በሚቆጠሩ ሰርቨሮች ላይ አይቀዳም፤ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘገባል። አንባቢ ገጹን ሲጠይቅ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ አውጥቶ ያሳየዋል። በዚህም ምክንያት በዩዝኔት የማይቻለው ሁሉ ቀላል ሆነ። አወያዩ አንዲት መስመር ከሰንጠረዡ ቢሰርዝ ስድቡ ለሁሉም ይጠፋል። ጸሐፊው ስሕተቱን ሊያርም ይችላል። አባላት ስለሚመዘገቡ አንዱ በሌላው ስም አይጽፍም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተበላሸው ፎቶግራፍና የተስተካከለው ጎን ለጎን ይታያሉ። ጀማሪው የተሰጠውን ምክር ውጤት በዓይኑ ያያል፤ መላሹም ሥዕሉን ወስዶ ራሱ አስተካክሎ ይመልሳል። ፎቶግራፍ ማስተካከል እያዩ የሚማሩት ሙያ በመሆኑ ይህ ብቻውን ፍልሰቱን ለማስረዳት ይበቃል።

የድረ ገጽ መድረክ ግን የራሱ ዋጋ አለው። 300,000 ባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍ 2,000 ሰዎች ቢያዩት ከአንዱ ሰርቨር 600 ሚሊዮን ባይት ይወጣል። በዩዝኔት ለብዙዎች ይከፋፈል የነበረው ሸክም እዚህ ላይ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ያርፋል። የመድረኩ ባለቤት ይህን ወጪ ለመሸፈን ማስታወቂያ ማስገባት፣ መዋጮ መጠየቅ ወይም መድረኩን አቅም ላለው ኩባንያ መሸጥ ይኖርበታል። ሌላው መውጫ ሥዕሉን በሌላ ኩባንያ ሰርቨር ላይ አስቀምጦ በመድረኩ ላይ አድራሻውን ብቻ መጻፍ ነው። ብዙዎቹ መድረኮች ይህን የመጨረሻውን መንገድ መረጡ።

ቁልፉ በአንድ እጅ ሲሆን

የምርጫው ውጤት በግልጽ የታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ፎቶባኬት የተባለው ሥዕል አስቀማጭ ኩባንያ በ2017 አጋማሽ ደንቡን ለወጠና፣ በእርሱ ዘንድ የተቀመጠ ሥዕል በሌሎች ድረ ገጾች ላይ እንዲታይ የሚፈልግ ደንበኛ በዓመት 399.99 ዶላር እንዲከፍል ጠየቀ። ካልተከፈለ በሥዕሉ ቦታ የክፍያ ማሳሰቢያ ይታያል። በዓመታት ውስጥ በብዙ መድረኮች ላይ የተከማቹ ትምህርቶች በአንድ ጊዜ ሥዕል አልባ ሆኑ። «ከላይ ባለው ሥዕል እንደምታዩት» የሚል ማብራሪያ ይነበባል፤ ሥዕሉ ግን የለም። ኩባንያው በተከታዩ ዓመት ውሳኔውን ቢያላላም፣ በመካከሉ ብዙ ሰዎች ሥዕሎቻቸውን አንሥተው ሄደዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ዲፒሪቪው ነው። በ1998 መጨረሻ በእንግሊዝ በፊል አስኪ የተመሠረተው ይህ ድረ ገጽ ስለ ዲጂታል ካሜራና ስለ ፎቶግራፍ ማስተካከል ከሚወያዩ ትልልቅ መድረኮች አንዱ ነው። በ2007 አማዞን ገዛው። መጋቢት ወር 2023 ላይ አማዞን ድረ ገጹን በሳምንታት ውስጥ እንደሚዘጋ አስታወቀ። አባላቱ ደነገጡ፤ በጎ ፈቃደኞች የሃያ አራት ዓመት ውይይቱን ለመቅዳት ተሯሯጡ። በመጨረሻ ጊር ፓትሮል የተባለ ሌላ ድርጅት በሰኔ ወር 2023 ገዝቶት ከመዘጋት ዳነ። የዳነው ግን ገዢ በመገኘቱ እንጂ የአሠራሩ ጠባይ ስለጠበቀው አይደለም።

ከዚህ ጋር የዩዝኔትን ማኅደር ማነጻጸር ይጠቅማል። ሰርቨሮች ለቦታ ሲሉ የቆየ መልእክትን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይሰርዙ ስለነበር ዩዝኔት ራሱን በራሱ አያስቀምጥም ነበር። ሆኖም ለመቅዳት የማንም ፈቃድ ስለማያስፈልግ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሥነ እንስሳት ትምህርት ክፍል ይሠራ የነበረው ሄንሪ ስፔንሰር ከ1981 እስከ 1991 የተላለፉ ወደ ሁለት ሚሊዮን የሚጠጉ መልእክቶችን በ141 የማግኔት ክሮች ላይ አስቀምጧል። ዴጃ ኒውስ የተባለ ኩባንያ ከ1995 ጀምሮ ያከማቸውን ማኅደር ጉግል በ2001 ገዛ፤ የስፔንሰርን ክምችትና ሌሎችንም ጨምሮ የሃያ ዓመት ውይይት በዚያው ዓመት ለሕዝብ ከፈተ። እዚህም ላይ ግን ማኅደሩ በአንድ ኩባንያ እጅ መግባቱን ልብ ይሏል። ጉግል ከየካቲት 2024 ጀምሮ አዲስ የዩዝኔት መልእክት መቀበልም ሆነ ማሳየት አቁሟል፤ የቀድሞው ማኅደር ግን እንዲነበብ ተትቷል። ዩዝኔት የተወለደበት ዱክ ዩኒቨርሲቲም የራሱን ሰርቨር በ2010 ዘግቷል። ዩዝኔት ራሱ ግን በሌሎች ሰርቨሮች ላይ ዛሬም አለ። አንዱ ሲዘጋ ሌላው የሚቀጥለው ከጅምሩ ማዕከል ስላልተበጀለት ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ሥርዓቶች የሚለያቸው ነጥብ አንድ ነው። በዩዝኔት ማንም ሰው መልእክትን ከመላው መረብ ሊሰርዝ ስለማይችል አዋኪውን ማስወጣት አልተቻለም፤ በዚያው ምክንያት መላውን ውይይት ሊዘጋ የሚችልም አልነበረም። በድረ ገጽ መድረክ ስድብን የሚያጠፋው ሥልጣን መድረኩን በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። የማጽጃውና የመዝጊያው ቁልፍ አንድ ነው። ፎቶግራፍ አስተካካዮች ንጹሕና ሥዕል የሚታይበት ቦታ በመፈለጋቸው ሊወቀሱ አይገባም። ነገር ግን ያን ቁልፍ ለማን እንደሰጡ ብዙዎቹ የተረዱት በር ሲዘጋ ነው።

ማጠቃለያ

ፍልሰቱ በድረ ገጽ መድረኮች አላበቃም። ዛሬ በአገራችን ብዙ ተማሪዎች ስለ ፎቶግራፍ ማስተካከልም ሆነ ስለ ሌላ ትምህርት የሚጠያየቁት በቴሌግራም ቡድኖች ነው። መልስ በፍጥነት ይገኛል፤ ሥዕልና ቪዲዮም በቀላሉ ይላካል። ዳሩ ግን በቡድን ውስጥ የተሰጠ መልስ በአብዛኛው በጠቅላላ የፍለጋ ሞተር አይገኝም። ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ሲኖረው ከባዶ ይጀምራል። ቡድኑ ሲዘጋ ወይም አስተዳዳሪው ሲተወው ደግሞ የተከማቸው ሁሉ አብሮ ይቀራል።

ከዚህ ታሪክ ተማሪዎች ሊወስዷቸው የሚችሉ ተግባራዊ ትምህርቶች አሉ። አንደኛ፣ ጥያቄም ሆነ መልስ ሲጻፍ ሥዕሉ ቢጠፋ እንኳ እንዲገባ ተደርጎ ይጻፍ፤ የፒክስሉን ቁጥር፣ የፕሮግራሙን ስምና እትም፣ የተከተሉትን ቅደም ተከተል ማስፈር ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የፎቶግራፉ ኦሪጅናል ቅጂ በራስ ዘንድ ይቀመጥ፤ ብዙ መድረኮች ሥዕልን ሲቀበሉ መጠኑንና ጥራቱን ይቀንሳሉ። ሦስተኛ፣ ጠቃሚ መልስ ያገኘ ሰው አድራሻውን ብቻ ሳይሆን ይዘቱን ገልብጦ ያኑር። አራተኛ፣ በትምህርት ክፍል ወይም በክበብ ደረጃ መድረክ የሚከፍቱ ተማሪዎች፣ አወያይ ከመሾማቸው ጋር ጎን ለጎን የዳታቤዙ ቅጂ በየጊዜው ከአንድ ሰው በላይ እጅ እንዲገባ ከመነሻው ይወስኑ። ይህ ከተደረገ የድረ ገጹን ንጽሕና ይዞ የዩዝኔትን ጽናት በከፊልም ቢሆን ማግኘት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎችም ከእነርሱ በፊት የተመለሰውን ጥያቄ መልሱን አግኝተው ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ።